የሚወዱትን ሙዚቀኛ ቅንብር በጆሮ መማር፦ ከፔዳል ስቲል ጊታር እስከ ምሥራቅ ሱዳን ታምቡር

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ የምትገኘው ሾዋክ ለበርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የስደት ታሪካቸው የመጀመሪያ ምዕራፍ ናት። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ከጦርነትና ከረሃብ ሸሽተው ድንበር ያቋረጡ ሰዎች ጉዳይ ከሚመራባቸው ማዕከላት አንዷ ነበረች። በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደዚሁ አካባቢ ተሰድደዋል።

በእግሩ ድንበር የሚሻገር ሰው ከሸክሙ መጀመሪያ ከሚተዋቸው ነገሮች መካከል የሙዚቃ መሣሪያ ይገኝበታል። ዜማ ግን ክብደት የለውም፤ ከባለቤቱ ጋር በጆሮ ይሻገራል። ጥያቄው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው፦ መምህር፣ ኖታና መሣሪያ እንደ ልብ በማይገኙበት ስፍራ አንድ ወጣት የሚወደውን ሙዚቀኛ አጨዋወት እንዴት አድርጎ የራሱ ሊያደርገው ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ለመማር ከባድ ከሚባሉት መሣሪያዎች አንዱ ነው። እርሱም ፔዳል ስቲል ጊታር ይባላል።

በእጅ፣ በእግርና በጉልበት የሚጫወቱት ጊታር

ፔዳል ስቲል ጊታር እንደ ተለመደው ጊታር በደረት ታቅፎ አይያዝም። እግሮች ባሉት ጠረጴዛ መሰል አካል ላይ አውታሮቹ ተወጥረው፣ ተጫዋቹ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይጫወተዋል። ግራ እጅ አውታሮቹን በጣት አይጫንም፤ ይልቁንም ክብ የብረት ዘንግ በላያቸው ያንሸራትታል። ‘ስቲል’ የሚለው ስያሜ የመጣውም ከዚህ ብረት ነው። ቀኝ እጅ ደግሞ በአውራ ጣትና በሌሎች ሁለት ጣቶች ላይ በሚጠለቁ መምቻዎች አውታሮቹን ይመታል።

ብረት በአውታር ላይ የማንሸራተት ስልት የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሃዋይ ደሴቶች ሲሆን፣ ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለው ሙዚቀኛ ከጀማሪዎቹ በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ፔዳሉ የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1954 ዌብ ፒርስ በተጫወተው ‘ስሎውሊ’ በተሰኘው ዘፈን ውስጥ በድ አይዛክስ አውታሩ ገና እየነዘረ ሳለ ፔዳሉን በመርገጥ ድምፁን ከፍ አደረገው። ይህ የሚለጠጥ፣ እንደ እንጉርጉሮ የሚሰማ ድምፅ ለአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ መለያው ሆነ።

በስፋት በሚሠራበት ‘ኢ ናይን’ በተባለው አቃኘት መሣሪያው አሥር አውታሮች አሉት። የግራ እግር ፔዳሎቹን ይረግጣል፤ ቀኝ እግር የድምፁን መጠን ይቆጣጠራል፤ ጉልበቶች ደግሞ ወደ ጎን የሚገፉ ማንሻዎችን ያንቀሳቅሳሉ። ከፔዳሎቹ አንደኛው ‘ቢ’ የሆኑትን አውታሮች በአንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ‘ሲ ሻርፕ’፣ ሁለተኛው ‘ጂ ሻርፕ’ የሆኑትን በግማሽ ድምፅ ወደ ‘ኤ’ ከፍ ያደርጋቸዋል። ሁለቱ በአንድነት ሲረገጡ የ‘ኢ ሜጀር’ ኅብረ ድምፅ፣ ብረቱ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ‘ኤ ሜጀር’ ይሆናል።

የጀማሪው ችግር የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። በቀረጻ የሚሰማው አንድ ድምፅ በብረቱ መንሸራተት፣ በፔዳል ወይም በጉልበት ማንሻ ሊገኝ ይችላል። ጆሮ የድምፁን ከፍታ ብቻ ሳይሆን ድምፁ የተገኘበትን መንገድ ጭምር መለየት ይጠበቅበታል።

የአፍሪካ ድርሻ

መሣሪያው አሜሪካ ውስጥ ብቻ አልቀረም። ናይጄሪያዊው ዴሞላ አዴፖጁ በኪንግ ሰኒ አዴ የጁጁ ሙዚቃ ባንድ ውስጥ ፔዳል ስቲልን ከንግግር ከበሮዎች ጋር አጣምሮ ተጫውቶታል። በ1982 የታተመው ‘ጁጁ ሚውዚክ’ የተሰኘው አልበም ይህን ድምፅ ለዓለም አሰማ። አዴፖጁ በ1986 በወጣው የፖል ሳይመን ‘ግሬስላንድ’ ላይም ተሳትፏል።

የአዴፖጁ አጨዋወት ለተማሪ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፦ መሣሪያው ከሌላ አገር ቢመጣም፣ ቋንቋው የተጫዋቹ ሊሆን ይችላል።

የክራርና የማሲንቆ ጆሮ

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያና ለሱዳን ሙዚቃ ወዳጆች እንግዳ አይደለም። የሁለቱም አገሮች ሙዚቃ በብዛት የተመሠረተው በአምስት ድምፆች ነው። የመሐመድ ወርዲ ዜማዎች አዲስ አበባ ውስጥ፣ የጥላሁን ገሠሠ ዜማዎች ደግሞ ካርቱም ውስጥ ያለ አስተርጓሚ የተወደዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው የድምፅ ዝምድና ነው።

አንድ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። ሜጀር የትዝታ ቅኝት ከ‘ኢ’ ቢነሳ አምስቱ ድምፆች ‘ኢ’፣ ‘ኤፍ ሻርፕ’፣ ‘ጂ ሻርፕ’፣ ‘ቢ’ እና ‘ሲ ሻርፕ’ ይሆናሉ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በ‘ኢ ናይን’ አቃኘት ያለ ምንም ፔዳል በአውታሮቹ ላይ ይገኛሉ። አምስተኛው ደግሞ አንደኛውን ፔዳል በመርገጥ ይመጣል። ስለዚህ የትዝታ ዜማ ብረቱ በአንድ ቦታ እንዳለ ሊጫወት ይችላል። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ሌሎች ድምፆችን ይፈልጋሉ።

ክራር ተጫዋች ከቅኝት ወደ ቅኝት ለመሸጋገር በቀንበሩ ላይ የተጠመጠሙትን አውታሮች እንደገና ይቃኛል። ፔዳሉ የሚሠራው ተመሳሳይ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ዜማው ሳይቋረጥ መሥራቱ ነው። የብረቱ መንሸራተት ደግሞ ከማሲንቆ ጋር ይዛመዳል። ማሲንቆ የጣት ማረፊያ መስመር ስለሌለው ተጫዋቹ ትክክለኛውን ቦታ የሚያገኘው በጆሮው ነው። በፔዳል ስቲል ላይ የተሰመሩት መስመሮችም ለዓይን መመሪያ ብቻ ናቸው፤ ብረቱ በጥቂቱ ቢያልፍ ወይም ቢያንስ ድምፁ ይበላሻል።

የፖርት ሱዳኑ ‘ታምቦ ጊታር’

በአማርኛ ታምቡር ሲባል ከበሮ ይታሰባል። በሱዳን ግን ታምቡር የክራር ዘመድ የሆነ ባለ አውታር መሣሪያ ነው። መሐመድ ወርዲም በኑቢያ የትውልድ መንደሩ ሳለ በዚሁ መሣሪያ ነበር የጀመረው።

በምሥራቅ ሱዳን የሚኖሩት የቤጃ ሕዝቦችም ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ የአውታር ሙዚቃ አላቸው። ይህን ሙዚቃ በ2022 ለዓለም ያስተዋወቀው ‘ኑሪ እና ዶርፓ ባንድ’ ነው። አልበሙን ያሳተመው ኦስቲናቶ ሪከርድስ እንደገለጸው፣ የባንዱ መሪ ኑሪ ከአባቱ ያገኘውን ታምቡር በፖርት ሱዳን የአሮጌ ዕቃ መጣያ ካገኘው የጊታር አንገት ጋር አጣምሮ ‘ታምቦ ጊታር’ የሚባል የራሱን መሣሪያ ሠርቷል።

አልበሙ የወጣበት ወቅት ተራ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ2021 መጨረሻ፣ የቤጃ ተቃዋሚዎች አካባቢያችን ተገልሏል በማለት ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስዱ መንገዶችንና ወደቡን ዘግተው ነበር። ኑሪ የሚጫወታቸው ዜማዎች ግጥም የላቸውም፤ ሆኖም የአንድ ሕዝብ ድምፅ እንዳይረሳ የሚደረግ ጥረት አካል ሆነው ተሰምተዋል።

ቅንብር በጆሮ የሚጠናው እንዴት ነው?

መሣሪያው ፔዳል ስቲል፣ ታምቡር፣ ክራር ወይም ተራ ጊታር ቢሆን የአጠናኑ ሥርዓት ተመሳሳይ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መሣሪያውን አስቀምጦ ማድመጥ ነው። ተማሪው ዜማውን በአፉ ማንጎራጎር ካልቻለ በጣቱ አያገኘውም።

ቀጥሎ መነሻው ድምፅና ቅኝቱ ይለያሉ። ዜማው የሚያርፍበት፣ ሲያልቅ ‘ቤቱ የገባ’ የሚመስለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ነው። ቅኝቱ ከታወቀ መፈለግ የሚገባቸው ድምፆች ወደ አምስት ይወርዳሉ፤ ይህም ድካሙን በእጅጉ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ዜማውን ወደ አጫጭር ሐረጎች መከፋፈል ነው። በካሴት ዘመን ተማሪዎች ክሩን ደጋግመው ወደ ኋላ ያጠነጥኑ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚገኙ ማጫወቻዎች የድምፁን ከፍታ ሳይለውጡ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳሉ። አንድ ሐረግ በዝግታ ያለ ስሕተት እስኪወጣ ድረስ ወደ ሌላው አለመሻገር ይመከራል።

አራተኛው ከድምፆቹ አልፎ አወጣጣቸውን ማጤን ነው። ድምፁ በቀጥታ ተመታ? ከታች ተንሸራትቶ መጣ? መቼስ ታፈነ? የካሳ ተሰማን ወይም የአስናቀች ወርቁን የክራር አጨዋወት ለይቶ የሚያሳውቀው የድምፆቹ ቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ያለው እስትንፋስም ነው።

በመጨረሻ ተማሪው የራሱን አጨዋወት ቀርጾ ከዋናው ጋር ያነጻጽራል። እየተጫወቱ የማይሰማ ስሕተት በቀረጻ ጎልቶ ይወጣል።

ሲቋረጥ የሚጠፋው

ይህ ሁሉ በሰላምና በመብራት ላይ የተመሠረተ ነው። ሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የሸሹ በርካታ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ግዛት መጥተዋል። በዚያ ከሌላ አገር የመጣ ስደተኛና በገዛ አገሩ የተፈናቀለ ሰው ጎረቤታሞች ሆነዋል። በየካቲት 2024 ደግሞ የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተቋርጦ ነበር። በስልክ የተቀመጠ አንድ ዘፈን በእንዲህ ያለ ጊዜ መማሪያ መጽሐፍ ይሆናል።

ስልክ ግን ይሰበራል፣ ይሸጣል፣ ይቀማል። በኖታ ያልሰፈረ ቅንብር የሚኖረው በሚጫወቱት ሰዎች ዘንድ ነው፤ እነርሱ ሲበተኑ ቅንብሩም አብሮ ይበተናል። የተወደደን ሙዚቀኛ አጨዋወት ድምፅ በድምፅ ማጥናት አንዳንዶች እንደሚሉት ባዶ መኮረጅ ብቻ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አዴፖጁ የሩቅ አገር መሣሪያ ይዞ የጁጁን ዜማ ተጫወተ፤ ኑሪም የአባቱን ታምቡር ሳይጥል አዲስ መሣሪያ ሠራ። ሁለቱም የራሳቸውን ከመጨመራቸው በፊት የቆየውን በሚገባ አድምጠዋል።

ክራሩን ከድንበር ማዶ ለተወ ወጣትም ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያው ነው። መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ ዜማውን ማንጎራጎር፣ ቅኝቱን መለየትና ሐረጎቹን መከፋፈል ይችላል። አውታሩ የተገኘ ዕለት ጣቶቹ የሚፈልጉትን ነገር ጆሮው አስቀድሞ ያውቀዋል።