የበጋ ነፋስና የክረምት ውሃ

ገበሬ በአውድማ የወቃውን እህል ከገለባው ለመለየት መንሹን አንሥቶ የሚጠብቀው ነፋስን እንደሆነ፣ ነፋሱም የክረምቱ ዝናም አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላ አዝመራው በሚሰበሰብበት ወራት እንደሚበረታ፣ በደጋው ምድር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከአበው ዘመን ጀምሮ የመኸር ረዳት የሆነው ይህ ነፋስ፣ ቤትን የሚያበራና ፋብሪካን የሚያንቀሳቅስ ኃይል በውስጡ መያዙን ለማየት የሚሻ ሰው፣ ከአዳማ ከተማ አጠገብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የተሰለፉትን ነጫጭ ባለ ሦስት ክንፍ መሣሪያዎች ቆም ብሎ ይመልከት።

ነፋስ የፀሐይ ልጅ ነው። ፀሐይ የምድርን ገጽ ሁሉ በእኩል ስለማታሞቅ፣ የሞቀው አየር ቀልሎ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ስፍራውን ሊይዝ ይገሠግሣል፤ ይህም ግሥጋሤ ፀሐይ እስካለች ድረስ አያቋርጥም። የነፋስ ተርባይን የተባለው መሣሪያ ከዚህ ግሥጋሤ ድርሻውን ይወስዳል። ነፋሱ በክንፉ በሁለቱም ገጾች ሲያልፍ፣ ክንፉ በብልሃት ጎብጦ የተሠራ ስለሆነ በአንደኛው ወገን የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ በሌላው ይበዛል፤ በዚህም የግፊት ልዩነት ክንፉ እየተሳበ ይዞራል። በብዙዎቹ ተርባይኖች ይህን ዝግ ያለ ዙረት ጥርስ ያለው ማርሽ አፍጥኖ ለጄኔሬተሩ ያቀብለዋል፤ በመጀመሪያው የአዳማ ጣቢያ የቆሙት 34 ተርባይኖች ግን ማርሽ የላቸውም፤ ክንፎቹ ማግኔት የተገጠመለትን ጄኔሬተር በቀጥታ ያዞሩታል። በምሰሶው ራስ ላይ የተተከለች ትንሽ መለኪያ የነፋሱን አቅጣጫ ስትናገር፣ ያ ሁሉ ክብደት ያለው ራስ በሞተር ተገፍቶ ፊቱን ወደ ነፋሱ ይመልሳል። ነፋሱ በሴኮንድ 3 ሜትር ያህል ሲደርስ ሥራ ይጀመራል፤ ወደ 25 ሜትር ሲቃረብ ደግሞ መሣሪያው እንዳይሰበር ክንፎቹ ጠርዛቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይቆማሉ።

በዚህ ጥበብ ውስጥ ሁለት ሕጎች ጸንተው ይኖራሉ። አንደኛው፣ የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ኃይሉ ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ተርባይን የሚተከልበትን ስፍራ የሚመርጥ ሰው ከሸለቆ ይልቅ ሸንተረርን ይሻል፣ ከመትከሉም በፊት ነፋሱን ዓመቱን ሙሉ ይለካል። ሁለተኛውን የጀርመን ሊቅ አልበርት ቤትዝ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት አስረድቶታል፤ ይኸውም ከነፋስ ኃይል ከመቶ 59 ከሚሆነው በላይ ሊወሰድ አለመቻሉ ነው፤ ኃይሉ ሁሉ ቢወሰድ አየሩ ከክንፉ ኋላ ቆሞ ለሚከተለው ነፋስ መንገዱን ይዘጋበታልና።

ነፋስን ለወፍጮ ማሠራት በፋርስ ምድር የቆየ ልማድ ነው። ወደ ኤሌክትሪክ መለወጡ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጄምስ ብላይዝ የተባለ መምህር በስኮትላንድ ገጠር ቤቱን በነፋስ ኃይል አበራ፤ የተረፈውን ለመንደሩ መንገድ መብራት ልስጥ ቢል ግን ሰዎቹ የዲያብሎስ ሥራ ነው ብለው እንቢ አሉት። በ1891 ደግሞ ፖል ላ ኩር የተባለው ዴንማርካዊ መምህር ሥራውን በትምህርት ቤት ውስጥ መርምሮ ለደቀ መዛሙርቱ ስላስተማረ፣ ዴንማርክ እስከ ዛሬ የዚህ ሙያ መሪ ሆና ትኖራለች።

አገራችን የነፋስን ኃይል የምትሻበት የራሷ የሆነ ልዩ ምክንያት አላት። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ መብራታችን በአብዛኛው ከወንዞች የሚገኝ ነው፤ ወንዞቻችንም በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው ይጎርፋሉ፣ በበጋ ግን ይከሳሉ፤ ዝናም ባነሰባቸው ዓመታት መብራት በፈረቃ ሲታደል ያየነውም ስለዚህ ነው። ነፋሱ ግን ወንዙ በሚከሳበት ወራት ይበረታል። ነፋስ በጎተራ አይከተትም፤ ውሃ ግን በግድብ ይከተታል። ተርባይኖቹ ኤሌክትሪክ በሚሰጡበት ሰዓት ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ በዚያው መጠን ሊቀነስ ይችላልና፣ ሳይለቀቅ የቀረው ውሃ ነፋሱ ጸጥ ለሚልበት ምሽት ተቀምጦ ይቆያል፤ እንዲህም ሲሆን ግድቡ ለነፋሱ ጎተራ ይሆንለታል።

የተጀመረውም ሥራ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው የአዳማ ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም እንዲኖራቸው ሆነው ተሠሩ፤ በመቀሌ አቅራቢያ የሚገኘው የአሸጎዳ ጣቢያም በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሲመረቅ ዐቅሙ 120 ሜጋ ዋት ነበር። እርግጥ ነው፣ ይህ ልክ ነፋሱ በሚገባ ሲነፍስ የሚገኝ እንጂ ዘወትር የሚገኝ አይደለም። በ2000 ሜትር ከፍታም አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ በደጋ የሚሰጠው ኃይል ያንሳል። ስምጥ ሸለቆውም ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚፈልሱ አዕዋፍ ጎዳና ነውና፣ ስፍራ በሚመረጥበት ጊዜ የእነርሱ መንገድ ሊጠበቅ ይገባል።

እነዚህ ችግሮች ጥንቃቄ የሚሹ እንጂ ተስፋ የሚያስቆርጡ አይደሉም። በየሸንተረሩ ነፋሱን የሚለኩ፣ ማሽኑን የሚጠግኑና ክንፉን በአገር ውስጥ የሚሠሩ ወጣቶችን በትምህርት ቤቶቻችን ማሠልጠን፣ ተርባይኑን ከውጭ ከማስመጣት የሚበልጥ ሥራ ነው። ወንዞቻችንን ስንገድብ የኖርነው የክረምቱን ሀብት ለበጋው ለማቆየት ነው፤ በጋው የገዛ ሀብቱን ይዞ እየመጣ ሳለ፣ ያንን ሳይለኩና ሳይቀበሉ ማሳለፍ ርስቱን ለሚያውቅ ሰው አይገባም።