ለተማሪው ሆድ ምሳ ተበጀተለት፤ ለሆድ ብሶቱስ?

በአማርኛችን «ሆድ» የሚለው ቃል የሚያገለግለው እንጀራ ለሚያርፍበት ብቻ አይደለም። የከፋው ሰው «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ ምሥጢሩን ለወዳጁ ያካፈለ «ሆዴን ነገርሁት» ይላል፤ ችግሩን ለማንም ሳይተነፍስ የሚኖር ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። አባቶቻችን አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ማዋላቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ረኃብም ኀዘንም ከውስጥ የሚበሉ፣ ከውጭም በቶሎ የማይታዩ ናቸውና።

ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንወያይ የፈለግነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሆድ ነው። ይኸውም በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ስለሚደርስበት የሐሳብ ጭንቀትና ይህንኑ ለማቃለል ከመንግሥት በጀት ሊመደብ ስለሚገባው ገንዘብ ነው።

አስቀድመን ግን ስለ ፊተኛው ሆድ ጥቂት እንናገር፤ የሚያስተምረን ነገር አለውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስ ሳይቀምሱ የሚመጡ፣ ትምህርት መከታተል የሚያቅታቸው ልጆች ብዙ ነበሩ። እንዲህ ያለው ልጅ በክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ «ሰነፍ» ይባል ነበር። በኋላ በጎ አድራጊዎች እየተሰበሰቡ ማብላት ሲጀምሩ ነገሩ ስንፍና ሳይሆን ረኃብ እንደ ሆነ ታወቀ። ይሁን እንጂ ልግስና የሰጪውን ኪስ ይከተላልና ለአንዱ ትምህርት ቤት ሲደርስ ለሌላው አይደርስም፤ በአንዱ ወር ሲገኝ በሌላው ይጠፋል። ነገሩ መልክ የያዘው የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. የተማሪዎችን ምገባ በራሱ በጀት ውስጥ ካስገባው ወዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በትምህርት ቤታቸው ተመግበዋል። ምሳው የችሮታ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ በየዓመቱ የሚጠበቅ፣ ቢቀርም «ለምን ቀረ?» ተብሎ ባለ ሥልጣን የሚጠየቅበት ነገር ሆነ። በጀት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

የሁለተኛው ሆድ ጉዳይ ግን ገና በበጎ ፈቃድ ዘመን ላይ ይገኛል። ይህን የምንለው በወሬ ሰምተን ሳይሆን በዓይናችን አይተን ነው።

እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የነበርነው በ2012 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዓመቱ መጨረሻ እንቀመጥበታለን ያልነው ብሔራዊ ፈተናም ወደ 2013 ዓ.ም. አጋማሽ ተላለፈ። በዚያ ረጅም የመጠበቂያ ጊዜ ከእኛ ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጥ የነበረ ጓደኛችን እናቱ ሞቱበት። ክፍል እንደ ገና ሲከፈት ልጁ ተመልሶ መጣ፤ ነገር ግን የመጣው አካሉ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ቀድሞ የሒሳብ ትምህርት ሲከብደን የሚያስረዳን እርሱ ነበር። አሁን ግን ደብተሩን ገልጦ አንዱን ገጽ ሲመለከት ክፍለ ጊዜው ያልቃል። መምህሩ ሲጠይቁት ይደነግጣል፤ እኛም እንስቃለን። እንዲያውም «ፈዞ» የሚል ቅጽል አውጥተንለት ነበር። ይህን ስንጽፍ እፍረት ይሰማናል።

ትምህርት ቤታችን በበሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት አንድ ክፍል ነበረው። ቁልፉ የሚገኘው በአንድ መምህር እጅ ሲሆን፣ እርሳቸውም ምክሩን የሚሰጡት በተጨማሪ ሥራነት እንጂ ዋናው ሥራቸው በየክፍሉ እየተዘዋወሩ ማስተማር ነበር። ቅን ሰው እንደ ነበሩ እንመሰክራለን። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ሰዓት በሁለት ክፍል ሊገኝ አይችልምና በሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተቆለፈ ይውላል፤ ውስጡም የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ሆኖ ነበር። ጓደኛችን በፈተናው በሁለተኛው ቀን የመልስ ወረቀቱን ባዶውን አስረክቦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሰም።

ከዩኒቨርስቲ በወጣን ማግሥት በአንድ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አገኘነው። ረዳት ሆኖ ይሠራል። የተሳፈርንበትን አልቀበልም ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ ማምሻውን ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንጫወት «ያን ጊዜ ግን ምን ሆነህ ነበር?» አልነው።

«ሁለት ቀን እዚያ የምክር ክፍል በር ድረስ ሄጄ ነበር፤ ተቆልፏል» አለን። «የምናገረው ብዙ ነገር አልነበረኝም። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ያነበብሁት ወዲያው ይጠፋብኛል። ይህ ነገር በሌላም ሰው ይደርሳል ወይስ እኔ ላብድ ነው? ብዬ ልጠይቅ ነበር።»

አንባቢዎቻችን ይህን ጥያቄ ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ለዚህ መልስ ለመስጠት ትልቅ ሆስፒታል፣ ውድ መሣሪያ ወይም ከባሕር ማዶ የሚመጣ መድኃኒት አያስፈልግም። «አዎን፣ በብዙ ሰው ይደርሳል፤ ኀዘን እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ የተማረውን መያዝ ያቅተዋል፤ ይህ እብደት አይደለም፤ ነገም ተመልሰህ ና» የሚል አንድ የሠለጠነ ሰውና አንድ የተከፈተ በር ይበቃው ነበር። ጭንቀቱ እየከበደ ቢሄድ ደግሞ ያው ሰው ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ሊመራው ይችላል።

ጓደኛችንም ብቻውን አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ልጆች መካከል ከ7ቱ አንዱ በአንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና መታወክ ይቸገራል። ከአእምሮ ሕመሞችም ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት 18 ዓመት ሳይሞላ ነው። እንግዲህ ይህ ዕድሜ ሙሉ በሙሉ የትምህርት ቤት ዕድሜ መሆኑን ማንም ያስተውለዋል። ሐኪም ቤት የሚያገኘው ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው፤ መምህሩ ግን ሲጀምር ያየዋል። መንግሥታት ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚያውሉት በዓለም ደረጃ በአማካይ ከመቶ 2 ያህል ብቻ መሆኑን ስንሰማ፣ በሩ የተቆለፈው በእኛ ትምህርት ቤት ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን።

በአገራችን ደግሞ የተማሪውን ሸክም የሚያከብዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በዩኒቨርስቲዎች ቅጥር ግቢ እንዲሰጥ በተደረገ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዙር 3.2፣ ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ፈተና ደግሞ 8.4 ሆኑ። ፈተናው ከኩረጃ መጽዳቱን እንደግፋለን፤ ያለ ዕውቀት የሚገኝ ወረቀት ለአገር አይጠቅምምና። የውጤቱም ማነስ ከጭንቀት ብቻ የመጣ ነው አንልም፤ የመምህራን፣ የመጻሕፍትና ከታችኛው ክፍል የተከማቸ ጉድለት አለበት። ነገር ግን ከመቶው ውስጥ ከ90 የሚበልጡት ልጆች ውጤታቸውን በስልክ አይተው ወደየቤታቸው ሲገቡ የሚቀበላቸው ማን ነው? አባት ይቆጣል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ልጁም ሆድ ይፍጀው ይላል። ለመፈተን በጀት እንዳለ ሁሉ የወደቀውን አንሥቶ «ቀጥሎ ያለው መንገድህ ይህ ነው» ለሚለው ሰው ግን በጀቱ የታለ?

ሁለተኛው ጦርነት ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት፣ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ ብዙ ልጆችም ለዓመታት ከትምህርት ተለይተዋል። ጉዳቱ ሲጻፍ የፈረሰው ግድግዳ፣ የተዘረፈው ወንበር፣ የተቃጠለው መጽሐፍ በብር ተተምኖ ይመዘገባል። የመሣሪያ ድምፅ የሰማው፣ ወንድሙ የሞተበት፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጠው ልጅ ግን በየትኛው መዝገብ ተጻፈ? ግድግዳውን አቁመን ልጁን እንደ ፈረሰ ብንተወው ትምህርት ቤቱን ሠራን ልንል አንችልም።

መቼም ይህን ስንል «መጽሐፍ ለሁሉም ባልተዳረሰበት አገር የአእምሮ ጤና በጀት ይጠየቃልን?» የሚሉን አይጠፉም። መጽሐፉ እንዲታተም እኛም እንፈልጋለን። ነገር ግን አንዱን ገጽ ሙሉ ሰዓት ለሚያየው ለጓደኛችን መጽሐፍ አልጎደለውም ነበር። ሌሎች ደግሞ «እኛ ያለ አማካሪ አድገናል፤ የነፍስ አባት፣ ሼኽና ሽማግሌ አለን» ይላሉ። እውነት ነው፤ እነርሱን የሚተካ የለም። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ የሚሆነውን የሚያየው በዚያ የሚውል ሰው ነው፤ ደግሞም ያለ አማካሪ ያደግነውን ስንቆጥር ያለ አማካሪ የቀሩትን ረስተን ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? የወረዳ የትምህርት በጀት አሠራር የሚያውቅ ሰው እንደሚገነዘበው ከበጀቱ አብዛኛው የሚውለው ለመምህራን ደመወዝ ነው፤ ደመወዝም የሚከፈለው ለተፈቀደ የሥራ መደብ ነው። መደብ የሌለው ሥራ በደብዳቤ ቢታዘዝ፣ በስብሰባ ቢወደስ፣ በበር ላይ ቢለጠፍ እንኳ ሠራተኛ የለውም። ከዚህ የተረፈው ጥቂት ገንዘብ ለጠመኔ፣ ለወረቀትና ለጥገና ያልቃል። ስለዚህ የምንጠይቀው ሕንፃ አይደለም። ለእያንዳንዱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢያንስ አንድ የሙሉ ጊዜ አማካሪ መደብ ይፈቀድ፤ ሥነ ልቡና የተማሩ ወጣቶች በየዓመቱ ከዩኒቨርስቲዎቻችን ይመረቃሉና። የገጠር ትምህርት ቤቶችም በቅርብ ላለው አማካሪ በጋራ ይመደቡ።

ይህ ከአቅማችን በላይ ነው እንዳይባል ከራሳችን ታሪክ ምስክር እንጥራ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር አንድን የገጠር ቀበሌ በሁለት ወጣት ሴቶች መርዳት ይቻላል ብሎ ያመነ ጥቂት ነበር። ነገር ግን ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ሠልጥነው፣ ደመወዛቸው በመንግሥት ተከፍሎ፣ በየጎጆው ገብተው ሕፃናትን አስከተቡ። ከአህጉራችንም ብንፈልግ ዚምባብዌ አለች። በሐራሬ ከተማ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ጥቂት አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ አጥር ግቢ በሚገኝ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጡ። የተጨነቀ ሰው እየመጣ ከአያቶቹ ጎን ተቀምጦ ይነጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ይልቅ ጭንቀታቸው ቀለል ብሎላቸዋል። የአግዳሚ ወንበርና የሠለጠነ ጆሮ ዋጋ ይህን ያህል አይከብድም።

አንድ ነገር ግን ልናስጠነቅቅ እንወዳለን። ይህ ሥራ በጊዜያዊ ገንዘብ አይጀመር። ሀብታሟ አሜሪካ እንኳ በዩቫልዲ ከተማ በተማሪዎች ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 ለትምህርት ቤቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት 1 ቢሊዮን ዶላር መደበች፤ በ2025 ግን አዲሱ አስተዳደር ከዚሁ የተሰጠውን ድጎማ እንደሚያቋርጥ አስታወቀ፤ ክልሎቹም ተከራክረው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የእኛም አገር ይህን ዓይነት ታሪክ ታውቀዋለች፤ ፕሮጀክቱ በጭብጨባ ይከፈታል፣ ጊዜው ሲያበቃ ባለሙያው ይሄዳል፣ ሰሌዳው ብቻ ይቀራል። ሆዱን የነገረ ልጅ በመካከል የሰማው ሰው ቢጠፋበት ዳግመኛ ለማንም አይናገርም።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ከዚያ በፊት በየወረዳው ወንበር ስበው ቁጥር የሚደምሩና የሚቀንሱ ሹማምንት አሉ። ወላጆችም በወላጅና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ ውኃውና ስለ አጥሩ እንደሚጠይቁ ሁሉ «አማካሪው ማን ነው? ልጄስ በየትኛው ሰዓት ያገኘዋል?» ብለው ቢጠይቁ መብታቸው ነው።

ጓደኛችን ከሻይ ቤቱ ስንለያይ በግል ተፈታኝነት ሊመዘገብ እንዳሰበ ነገረን፤ የሒሳብ መጽሐፍም እንድናውሰው ለመነን። መጽሐፉን ሰጥተነዋል። የዚያ ክፍል በር ግን ዛሬም ያው በር ነው፤ በዚህ ሳምንትም አንድ ሌላ ልጅ ሊያንኳኳው ይችላል።