ስንት ሰው ሳይሆን ማን ተጠየቀ?

ሰሞኑን ስልካችሁን ስትከፍቱ «ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ መጠይቅ ይሙሉልን» የሚል መልእክት ሳይደርሳችሁ አልቀረም። አንዳንዱ በቴሌግራም ይመጣል። አንዳንዱ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ወይም የአገልግሎት መስኮት አጠገብ የተለጠፈ፣ በስልክ ካሜራ የሚነበብ ኪው አር ኮድ ነው። «ሞልተው ሲጨርሱ የሞባይል ካርድ እንልካለን» የሚልም አለ። ልጆቻችን ደግሞ ከዚህ አልፈው የውጭ ድርጅቶች የሚሠሯቸውን መተግበሪያዎች እየሞከሩ አስተያየት በመስጠት ገንዘብ ለማግኘት ሲሞክሩ እናያለን።

እኔ የሥራ ዘመኔን በሙሉ ሰው ስጠይቅ የኖርኩ ነርስ ነኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመዎት? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ? ምግብስ?» እያልኩ ነው ዕድሜዬ የሄደው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የጀሞ ጎረቤቶቼ «ሲስተር» ማለታቸውን አልተዉም። በመጠየቅ ሥራ ውስጥ ያለውን ጥቅምና አደጋ ስለማውቅ፣ ጥያቄው ከሰው አፍ ወጥቶ ወደ ስልክ ሲገባ ምን እንደምናተርፍና ምን እንደምናጣ ቤተሰብ ሁሉ ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ነገሩ ምንድን ነው?

አንድ መተግበሪያ ወይም አገልግሎት ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በተጠቃሚ መሞከር አለበት። ቀድሞ ይህ የሚደረገው ሰዎችን ወደ ቢሮ ጠርቶ ወይም ቤታቸው ድረስ ሄዶ ነበር። አሁን ግን ጠያቂንና ተጠያቂን በኢንተርኔት የሚያገናኙ ድርጅቶች አሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ዩዘር ቴስቲንግ ተሳታፊው በቤቱ ሆኖ መተግበሪያውን እየነካካ ያሰበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ያደርጋል። ስክሪኑና ድምፁ ይቀረጻል፣ አምራቹም ቀረጻውን አይቶ ሰው የት ላይ እንደሚቸገር ይረዳል፣ ተሳታፊውም ይከፈለዋል። እኛ አገር በብዛት የሚሠራበት ግን ቀለል ያለው መንገድ ነው፦ በጉግል ፎርም መጠይቅ አዘጋጅቶ በቴሌግራም መበተን።

ጥቅሙን አንካድ

የመጀመሪያው ጥቅም ፍጥነትና የዋጋ ቅናሽ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ የባሕር ዳሩንም የሐዋሳውንም፣ ዋሽንግተን ያለውን ወገናችንንም በአንድ ቀን መጠየቅ ይቻላል። የትራንስፖርትና የአበል ወጪ የለም።

ሁለተኛው ጥቅም ይሉኝታን መቀነሱ ነው። ይህን እኔ በሥራዬ አይቼዋለሁ። በጤና ጣቢያ በር ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን አለ፤ በአካል ሲጠየቅ ግን ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን» ይላል። ፊት ለፊት የቆመችውን ነርስ «አንቺ ቁጡ ነሽ» የሚል ታካሚ ስንት ነው? ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ አእምሮ ጭንቀት ሲሆን ደግሞ አፍ ይበልጥ ይታሰራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሰው ብቻውን ከስልኩ ጋር ሲሆን ግን የደበቀውን የሚያወጣበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛ፣ በአካልም በስልክ ጥሪም የማናገኛቸውን ሰዎች ያመጣል። መስማት ለተሳነው ሰው ስልክ መደወል ከንቱ ነው፤ የጽሑፍ ጥያቄ ወይም በምልክት ቋንቋ የተቀረጸ ቪዲዮ ግን ይደርሰዋል። ከቤት መውጣት ለማይችል የአካል ጉዳተኛም እንደዚሁ። የሕፃን እናትም ልጇን አስተኝታ ማታ ልትመልስ ትችላለች።

በአምስት ሰው የታየው ስሕተት

ችግሩ የሚጀምረው ስልክ የያዘውን ሰው ሁሉንም ሰው አድርገን ስንቆጥር ነው። የጎረቤቴ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ሆና መድኃኒት መውሰጃ ሰዓት የሚያስታውስ መተግበሪያ እየሠራች ነበር። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን መድኃኒታቸውን ስለሚረሱ ብዙ ጉዳት ይደርሳል። ልጆቹ መተግበሪያውን በቴሌግራም በትነው አስተያየት ሰበሰቡ። የመለሱት ሁሉ «ቀላል ነው፣ ወደነዋል» አሉ። እሷም ደስ ብሏት «ሲስተር፣ አንቺም እይልኝ» ብላ መጣች።

እኔ ደግሞ «መልሱን የሰጡት መድኃኒት የሚወስዱ ናቸው?» አልኳት። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። ስለዚህ ከጀሞ እስከ ሃና ማርያም ስኳርና ግፊት ያለባቸውን የማውቃቸውን አምስት ሰዎች ቤታቸው ሄደን አየን። ልጅቷ ስልኩን ሰጥታ ዝም ብላ እንድትመለከት ተስማማን።

ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው አንዲት እናት ኪኒናቸውን ጠዋት በ2 ሰዓት፣ ቁርስ በልተው ነው የሚወስዱት። መተግበሪያው «በስንት ሰዓት?» ሲላቸው 2፡00 ብለው ሞሉ። ምን ስሕተት አላቸው? በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነዋ! ስልኩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። 2፡00 ያሉት ለስልኩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆነ። ከአምስቱ ሦስቱ እንደዚያው አደረጉ። ወጣቶቹ ግን የፈረንጅ ሰዓት በሚያሳይ ስልክ ስለኖሩ፣ ሳያስቡት በጭንቅላታቸው ለውጠው 8፡00 ብለው ነበር የሞሉት። ስለዚህ በኢንተርኔት የተሰበሰበው መልስ ሁሉ ይህን ችግር ሊያሳይ አልቻለም።

ይህ የሚያስቅ ነገር ይመስላል፤ ለጤና ባለሙያ ግን አያስቅም። ስኳር የሚያወርዱ አንዳንድ ኪኒኖችና ኢንሱሊን ያለ ምግብ ወይም ያለ ሰዓታቸው ከተወሰዱ የሰውነት ስኳር ከልክ በላይ ይወርዳል። ሕመምተኛው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል፣ ካልተደረሰለትም ራሱን ይስታል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደወል ሰምተው በባዶ ሆድ ኪኒን የሚውጡ እናትን አስቡ።

አምስት ሰው ያንሳል የምትሉ አትጠፉም። በዚህ ሙያ ስሙ የሚጠራው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድን የኮምፒውተር ገጽ አምስት ሰው ሲጠቀምበት በጥንቃቄ ማየት ከችግሮቹ 85 ከመቶ ያህሉን እንደሚያወጣ አስረድቷል። ነገር ግን ተጠቃሚዎቹ በጣም የተለያዩ ወገኖች ከሆኑ ከእያንዳንዱ ወገን ሰው መታየት እንዳለበትም አክሏል። ወጣትና አዛውንት፣ ከተሜና ገጠሬ እንደዚያ ያሉ ወገኖች ናቸው።

ብዛት አያድንም

«የመለሰው ሰው ብዙ ከሆነ እውነቱ ይገኛል» የሚለው ሐሳብ ከጥንት ጀምሮ ሰው አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ስለ ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ለ10 ሚሊዮን ሰዎች መጠይቅ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ተመለሰለት። ያን ተመሥርቶ አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ ከወሰደባቸው መዝገቦች ዋነኞቹ የስልክና የመኪና ባለቤቶች ዝርዝሮች ነበሩ፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደግሞ የደላው ነው። መጠይቁን ሞልቶ የመለሰውም ከተላከለት ጥቂቱ ብቻ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጥሩ ትምህርት የሚሆነን በኮቪድ ጊዜ የተደረገው ጥናት ነው። ቤት ለቤት መሄድ በማይቻልበት በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ዓለም ባንክ የኢትዮጵያ ቤተሰቦችን ኑሮ በስልክ እየደወለ መጠየቅ ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከ3 ሺህ 200 በላይ ቤተሰቦች መልስ ሰጡ። ስልካቸው የተገኘው ቀደም ሲል በ2011 ዓ.ም. በአካል ከተጠኑ ቤተሰቦች ነው። በከተማ ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው ቤተሰብ ስልክ ሲኖረው በገጠር ግን 40 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። አጥኚዎቹ ይህን ጉድለት በስሌት ለማካካስ ሞክረዋል፤ ጥናቱ የሚወክለው ስልክ ያላቸውን ቤተሰቦች መሆኑንም በግልጽ ጽፈዋል። ሐቀኛ ጥናት የሚባለው ማን እንደቀረበት የሚናገር ነው። ያ ደግሞ ተራ የስልክ ጥሪ ነው። ስማርት ስልክ፣ ዳታ፣ ማንበብና መጻፍ የሚጠይቀው መጠይቅ ስንቱን ውጭ እንደሚያስቀር ገምቱ።

ከጎኑ ማን ተቀምጧል?

ሌላው ጉዳት ተጠያቂውን አለማየታችን ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶች ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ተጠይቀው ነበር። ጠያቂዎቹ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው፦ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቃለች፤ ብቻዋን መሆኗ ካልተረጋገጠ ጥያቄው አይቀጥልም። ባል በር ከፍቶ ከገባ ጠያቂዋ ወሬ ትለውጣለች። በስልክ የተላከ መጠይቅ ግን በሩ መከፈቱን አያይም። ስልኩ የቤተሰብ የጋራ ከሆነ መልሱን በኋላ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። ቀደም ብዬ ያመሰገንኩት «ብቻ መሆን» በብዙ ቤታችን የለም።

የካርድ ስጦታም የራሱ መዘዝ አለው። ለሽልማት ሲል ሳያነብ የሚሞላ፣ በአምስት ስም አምስት ጊዜ የሚልክ አይጠፋም። በዚህ መልስ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ አገልግሎት ደግሞ እኛ ላይ ይወድቃል።

ለቤተሰብ፦ ከመሙላታችሁ በፊት

በጤና ሥራ ማንንም ከመጠየቃችን በፊት ዓላማውን አስረድተን ፈቃድ እንቀበላለን። በስልክ ሲጠይቋችሁም ይህን መጠበቅ መብታችሁ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ውስጥ አስገብቶታል፤ የሰጣችሁትን ፈቃድ መልሳችሁ መውሰድም ትችላላችሁ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ስለዚህ የጠያቂው ስም፣ ዓላማውና አድራሻው ካልተጻፈ አትሙሉ። የቴሌብር ወይም የባንክ የሚስጥር ቁጥር፣ በመልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ፣ የመታወቂያ ፎቶ የሚጠይቅ የአስተያየት መጠይቅ ካያችሁ ተዉት። «ሥራውን ለመጀመር መጀመሪያ ይህን ያህል ብር አስገባ» የሚል ማጭበርበር ነው፤ እውነተኛ ጥናት ለተሳታፊው ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። ስክሪን የሚቀረጽ ከሆነ ባንክና የግል መልእክት አስቀድማችሁ ዝጉ። ልጆች ለውጭ ድርጅት ሲሞክሩ ደግሞ ክፍያው በምን መንገድ እጃቸው እንደሚገባ ከሥራው በፊት ያረጋግጡ፤ ጊዜያቸውን ጨርሰው ገንዘቡ ባሕር ማዶ ከቀረ ልፋታቸው ከንቱ ነው።

ለሚሠሩት ልጆቻችን

የኢንተርኔት ጥናትን ተዉት አልልም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ለመስማት፣ አፍ የሚታሰርበትን ጉዳይ ለመጠየቅ የሚያህለው የለም። ግን ብቻውን አይበቃም። መልሱ ሲሰበሰብ «ያልመለሰው ማን ነው?» በሉ፤ ከዚያ ወደዚያ ሰው በእግራችሁ ሂዱ። የጤና ጣቢያ ወረፋ አለ፣ የዕድር ስብሰባ አለ፣ ገበያ አለ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎችም ጠይቁ። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት የተጀመረውን ቴሌብር እዩት፤ ኢንተርኔት የሌለው ሰው በተራ ስልክ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ይገለገልበታል። ለዚያ ሰው በር መተው ይቻላል ማለት ነው።

ክፍያው፣ ቀጠሮው፣ መታወቂያው ሁሉ ወደ ስልክ እየገባ ነው። ዛሬ ያልተጠየቀ ሰው ነገ የሚቀርበት አስተያየት መስጠት ብቻ አይደለም፤ አገልግሎቱም ይቀርበታል። ስለዚህ ልጃችሁ አዲስ መተግበሪያ ሠርቶ «እስቲ ለጓደኞቼ ልላከው» ሲላችሁ፣ «መጀመሪያ ለአያትህ ስጣቸውና አጠገባቸው ቁጭ በል፤ አታሳያቸው፣ አትርዳቸው፣ ጣታቸው የት ላይ እንደሚቆም ብቻ ተመልከት» በሉት።