“ዕቃ ትሰብራለች!” ያለው ማነው?

አንድ ጎረምሳ ሚስት ሲፈልግ ስለ ልጅቷ ምን ይጠይቃል? መልኳን፣ ጠባይዋን፣ ትምህርቷን… ትሉ ይሆናል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት በዱራሜና በአካባቢው ግን ማንም በአፉ የማያወጣው፣ ሁሉም በሆዱ የያዘው ሌላ ጥያቄ ነበር። ተገርዛለች ወይ?

ለምን ቢባል መልሱ ወሬ ነው። ያልተገረዘች ሴት “ዕቃ ትሰብራለች”፣ “ዓይን አውጣ ትሆናለች”፣ “አንድ ባል አይበቃትም”። እንዲህ ያለውን አባባል በአገራችን በብዙ ቦታ ሰምተነዋል። የተሰበረ ሲኒ ከሴት ልጅ ገላ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን የሚጠይቅ የለም!

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን “ማኅበራዊ ደንብ” ይሉታል። ሰው አንድን ነገር የሚያደርገው ስላመነበት ብቻ አይደለም። ሌላው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ከሱም እንደሚጠበቅበት ስለሚያስብ ጭምር ነው። እናት በልቧ “ምነው ልጄን ባልነካኳት” ትላለች። ጎረቤቷም እንደዚያው ታስብ ይሆናል። ሁለቱም ዝም ስለሚሉ ግን እያንዳንዳቸው “እኔ ብቻ ነኝ” ብለው ገራዧን ያስጠራሉ።

ይህን ዝምታ ለመስበር ከተነሱት አንዷ የከምባታዋ ተወላጅ ቦጋለች ገብሬ ናቸው። እሳቸውም በልጅነታቸው የተገረዙ ናቸው። እስራኤልና አሜሪካ ተምረው ተመለሱና እ.ኤ.አ. በ1997 “ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ” የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ትርጉሙ የከምባታ ሴቶች በጋራ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ብልህ ነገር አስተውሉ። ሕዝቡ ዘንድ ሲሄዱ “ግርዛት ተዉ” ብለው አልጀመሩም። ሰዉ የሚፈልገው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ነበር። መጀመሪያ ድልድዩ ተሠራ። ጆሮ የተሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ወሬ ነው፤ የበጎው ወሬ። ሽማግሌው፣ አዋላጇ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ያገባውና ያላገባው በአንድነት ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት “የማኅበረሰብ ውይይት” ተጀመረ። ሴት ልጅ በወንዶች ፊት ስለ ገላዋ ስትናገር መስማት ለብዙው ሰው አዲስ ነበር። መቼም ያንን የመጀመሪያ ቀን ማሰብ ነው!

ከሁሉ የሚበልጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የተደረገው ሠርግ ነው። ቤተሰብ ቢቃወምም ሁለት ወጣቶች በአደባባይ ተጋቡ። ሙሽሪት አለመገረዟን የሚናገርና “ከእኔ ተማሩ” የሚል ጽሑፍ በደረቷ አንጠልጥላ ነበር። ሙሽራውም ያልተገረዘች በማግባቱ መደሰቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ይዟል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ያ የሙሽራው ጽሑፍ ይበልጣል። “ማን ያገባታል?” ለሚለው የወላጅ ጭንቀት መልሱ ቆሞ ታየ። ነገሩ እንደ ተረት ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ሌሎችም ተከተሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኒሴፍ አማካይነት በተደረገው ግምገማ፣ ድርጅቱ በሠራባቸው ቀበሌዎች ግርዛት ይቅር የሚለው ሰው እጅግ በዝቶ ተገኘ። ከአሥር ዓመት በፊት ደጋፊው ነበር እንዲያ የበዛው።

ታሪክ ባሕርይን እንደሚለውጥ ሌላም ቦታ ተፈትኗል። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ ስለ እርቅ የሚተርክ የሬዲዮ ድራማ ለአንድ ዓመት በቡድን የሰሙ ሰዎች የግል እምነታቸው ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው “ሰው ምን ይላል” የሚለው ግምታቸውና የዕለት ጠባያቸው ነው። ገረመኝ! ልብ ሳይለወጥ እግር ይቀድማል ማለት ነው። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው “የቀን ቅኝት” የተሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። አንዱ ገጸ ባሕርይ ደግ፣ አንዱ ክፉ፣ አንዱ ደግሞ በመካከል የሚወላውል። አድማጭ ራሱን የሚያየው በዚያ በሚወላውለው ላይ ነው።

እናንተ የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የአንጋጫ ወጣቶች፣ ካፌ ተቀምጣችሁ ስለ ጠለፋም ሆነ ስለ ሴት ልጅ ገላ ቀልድ ሲነሳ ዝም ያለው ጓደኛችሁ ሁሉ የተስማማ አይምሰላችሁ። አንተ “እኔ በዚህ አልስማማም” ብትል፣ ሁለተኛው ሰው እስኪናገር ብዙ አትጠብቅም። አንቺም እጮኛሽ ምን እንደሚያስብ በግምት አትያዢ፤ ከሽምግልናው በፊት በግልጽ ጠይቂው። የሱ አቋም ለእናትሽም ይነገር፤ ጭንቀቱ ያለው እሷ ዘንድ ነውና።

ሕጉንም ማወቅ አይከፋም። ግርዛትንም ጠለፋንም በስም ጠቅሶ የሚቀጣው የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እነዚያ ሁለቱ ሙሽሮች ሲዳሩ ገና አልወጣም ነበር።