የመሣሪያ ሠሪዎች ፉክክርና የጨዋታ ደራሲዎች ጥቅም

ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የቪዲዮ ጨዋታ የሚያጫውተው መሣሪያ ኮንሶል ይባላል። የሶኒ ኩባንያ የሚሠራውን ፕሌይስቴሽን ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን። ነገር ግን መሣሪያውን የሚሠራው ኩባንያና ጨዋታውን የሚደርሰው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ወገኖች መሆናቸውን፣ ጥቅማቸውም ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጉዳይ ከታሪኩ ጋር ለመግለጽ እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሁለቱን ፍላጎት እንመልከት። መሣሪያ ሠሪው መልካሙ ጨዋታ ሁሉ በእርሱ መሣሪያ ላይ ብቻ እንዲገኝ ይፈልጋል፤ ጨዋታውን የወደደ ሁሉ መሣሪያውን ይገዛልና። አንዳንድ ጊዜም መሣሪያውን ከወጪው በታች ይሸጥና ትርፉን ከእያንዳንዱ ጨዋታ ሽያጭ ከሚቀበለው ድርሻ ያገኛል። ደራሲው ግን አንድ ጊዜ የደከመበትን ሥራ ለሁሉም መሣሪያ ባለቤቶች ቢሸጥ ይመርጣል። እንግዲህ መሣሪያ ሠሪውን በድሮ ጊዜ በነጋዴ መንገድ ላይ ይቀመጥ በነበረው የኬላ ሹም ልንመስለው እንችላለን፤ ዕቃው የሚያልፈው እርሱ ሲፈቅድና ቀረጡን ሲቀበል ነው።

የአሜሪካው አታሪ ኩባንያ በ1977 ላወጣው መሣሪያ ጨዋታ የሚሠሩለት የራሱ ደመወዝተኞች ነበሩ። ሥራቸው በብዙ ገንዘብ ሲሸጥ ስማቸው በሣጥኑ ላይ አይጻፍም፤ ከሽያጩም ድርሻ አያገኙም ነበር። ስለዚህ ዴቪድ ክሬን፣ አላን ሚለር፣ ቦብ ኋይትሄድና ላሪ ካፕላን የተባሉ አራት ሠራተኞች ለቀው ወጡና በ1979 ከጂም ሌቪ ጋር አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። አታሪ ቢከስሳቸውም ጉዳዩ በ1982 በስምምነት አለቀ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው የአንዱ፣ ጨዋታው የሌላው መሆኑ የተለመደ ሆነ።

ይሁን እንጂ ኬላ የሌለበት ገበያም ጉዳት አለው። ማንም እንደ ፈለገ ጨዋታ ሲያወጣ ሱቁ ሁሉ በማይረባ ሥራ ተሞላ፤ በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ንግድ ወደቀ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ1985 ወደ አሜሪካ ሲገባ ከዚህ ተምሮ ነበርና ኬላውን እጅግ አጠበቀው። ያልተፈቀደ ጨዋታ እንዳይሠራ የሚከለክል ቺፕ በመሣሪያው ውስጥ አኖረ። ደራሲውም በዓመት ከ5 ጨዋታ በላይ እንዳያወጣ፣ ያወጣውንም ለ2 ዓመት ወደ ሌላ መሣሪያ እንዳይወስድ፣ ጨዋታው የሚቀረጽበትን ካርትሪጅ በኒንቴንዶ ብቻ እንዲያሠራ፣ ገንዘቡንም አስቀድሞ እንዲከፍል በውል አሰረው። ካርትሪጁ ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራው የደራሲው ነበር። ብዙዎቹ ይህን ውል የፈረሙት ሌላ የሚወጡበት በር ስላልነበራቸው ነው።

ሁለተኛው በር የተከፈተው ሴጋ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ በ1989 ጄነሲስ የተባለውን መሣሪያ ለአሜሪካ ገበያ ባቀረበ ጊዜ ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ጨዋታ አሳታሚ የመሣሪያውን አሠራር ፈትቶ አጠና፤ ያለ ፈቃድም ጨዋታ ለማውጣት የሚችል መሆኑን ካሳየ በኋላ በ1990 ከሴጋ ጋር ቀለል ያለ ውል ተዋዋለ። ሴጋም ኒንቴንዶን ለመርታት ጨዋታ ያስፈልገው ነበርና እሺ አለ።

ሦስተኛውን በር ሶኒ በ1994 ፕሌይስቴሽንን ሲያወጣ ከፈተው። ፕሌይስቴሽን የሚሠራው በሲዲ ነበር፤ ሲዲ ደግሞ ብዙ ይይዛል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ በፍጥነትም ይባዛል። ኒንቴንዶ ግን በ1996 ባወጣው ኒንቴንዶ 64 በካርትሪጁ ጸና። ለረጅም ዘመን የኒንቴንዶ ወዳጅ የነበረው ስኩዌር ወደ ሶኒ ተሻግሮ በ1997 ፋይናል ፋንታሲ 7ን በ3 ሲዲዎች አሳተመ። በመጨረሻም ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ኒንቴንዶ 64 የተሸጠው 33 ሚሊዮን ገደማ ነው። ደራሲዎቹ የሄዱበትን መንገድ ገዢው ተከተለ ማለት ነው።

አበው ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይላሉ። በዚህ ንግድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ሳሩ ይበልጥ የተረገጠው ዝሆኑ ብቻውን በቆመ ጊዜ ነበር።

ነገር ግን ፉክክር ሁልጊዜ ለደራሲው ይጠቅማል ብለን መደምደም አይገባንም። ዛሬ መሣሪያ ሠሪው ደራሲውን በመልካም ውል ከመሳብ ይልቅ ኩባንያውን ከነሠራተኛው መግዛት ይችላል። ኤክስቦክስ የተባለውን መሣሪያ የሚሠራው ማይክሮሶፍት በ2023 አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ከመሣሪያ ሠሪ ቀንበር ለመውጣት የተመሠረተው ድርጅት ከ44 ዓመት በኋላ በመሣሪያ ሠሪ እጅ ገባ። ግዢው እንዲፈቀድለትም ማይክሮሶፍት ኮል ኦፍ ዲዩቲ የተባለው ታዋቂ ጨዋታ ለ10 ዓመት በተፎካካሪዎቹ መሣሪያ ላይ እንዲቀርብ ቃል መግባት ግድ ሆነበት። በሩ ፈጽሞ እንዳይዘጋ የሚሰጉ ብዙዎች እንደ ነበሩ ከዚህ እንረዳለን።

ከእኛም መካከል የኮምፒዩተር ትምህርት ተምሮ ጨዋታ ለመድረስ የሚመኝ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ተማሪ ፕሮግራም መጻፍን ከመማሩ ጋር ውል ማንበብንም ይማር። ሥራውን ለአንድ ገዢ ከማሰሩ በፊት ሌላ በር አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ። ሙያው ጨዋታውን ያስገኝለታል፤ የድካሙን ዋጋ የሚያስከብርለት ግን ሌላ የሚሄድበት በር መኖሩ ነው።