የጉልበት ንረት በሚና ጨዋታዎች

የጉልበት ንረት የሚባለው፣ አንድ ጨዋታ አዳዲስ መጻሕፍት በወጡለት ቁጥር ዘግይቶ የመጣው ምርጫ ከቀደመው እየበረታ፣ የቀደመውም ምንም ሳይቀነስበት ዋጋው እየወረደ ሲሄድ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። በእነዚህ ጨዋታዎች ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው እያንዳንዳቸው አንድ ጀብደኛ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፣ ጠላቶቹን ያዘምታል፣ ሕጉን ይዳኛል። ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይው ሊያደርግ ያሰበውን ይናገራል፤ መሳካት አለመሳካቱ አብዛኛውን ጊዜ ዳይስ ተጥሎ ይለያል። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይሸናነፉም፤ አንድ ቡድን ሆነው ይጓዛሉ።

የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። በመጀመሪያው እትም የነበሩት ሙያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ገና በዓመቱ፣ በ1975፣ ግሬይሆክ የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ሌባንና ፓላዲን የሚባለውን ቅዱስ ፈረሰኛ ጨመረ። የተዋጊውን የሕይወት ነጥብ (ከመውደቁ በፊት የሚችለውን የጉዳት መጠን) ከባለ 6 ገጽ ወደ ባለ 8 ገጽ ዳይስ አሳደገ፤ እጅግ ብርቱ ለሆነ ተዋጊም ልዩ የጥንካሬ ሠንጠረዥ ሰጠ። የአስማተኛው የሕይወት ነጥብ ግን ወደ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ወረደ። ንረቱ ከጨዋታው ጋር አብሮ ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሳታሚው ቲኤስአር በገንዘብ ችግር ተወጥሮ በነበረበት በ1985 ደግሞ አንኧርዝድ አርካና የተባለ መጽሐፍ ወጣ። ካቫሊየርና ባርባሪያን የተባሉ ኃይለኛ ተፋላሚዎችን ይዞ መጣ፤ ነባሩ ተዋጊም በአንድ መሣሪያ እንዲካን ፈቀደለት። የተካነ ተዋጊ ዒላማውን የመምታት ዕድሉ ይጨምራል፤ ሲመታም የሚያደርሰው ጉዳት ይከብዳል። በ1977 የታተመው የጭራቆች መጽሐፍ ግን ባለበት ነበር። የጀብደኞቹ ክንድ ሲፈረጥም ጠላቶቻቸው በቆሙበት ቀሩ።

ቲኤስአርን በ1997 የገዛው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በ2000 ሦስተኛውን እትም አሳተመ። በዚህ እትም አንድ ገጸ ባሕርይ ከብዙ ሙያዎች ጥቂት ጥቂቱን መቅሰም ስለሚችል፣ መጻሕፍቱ በተደራረቡ ቁጥር ብልኃተኛ ተጫዋቾች አስገራሚ ጥምረቶችን አገኙ። ከሁሉ የታወቀው ፑን ፑን የተባለው ገጸ ባሕርይ ነው። እሱ ኮቦልድ ነው፤ ይኸውም በጨዋታው ውስጥ ከደካሞቹ የሚቆጠር ትንሽ እንሽላሊት መሰል ፍጡር። ሆኖም በአንድ የ2004 መጽሐፍ ውስጥ የነበረን የጭራቅ ችሎታ በመጠቀም ገደብ የለሽ ኃይል ማግኘት እንደሚችል በወረቀት ላይ ተረጋገጠ። ለጨዋታ ሳይሆን ሕጉ የት ድረስ እንደሚለጠጥ ለማሳየት የተሠራ ነው፤ ያሳየው ክፍተት ግን እውነተኛ ነበር።

የንረቱ አንዱ ምክንያት ገበያው ነው። ለአንድ ጠረጴዛ የሚያስፈልገው መሪ አንድ ሲሆን ተጫዋቾቹ አራት አምስት ይሆናሉ። ስለዚህ ተጫዋቹ ለራሱ አዲስ ችሎታ የሚመርጥበት መጽሐፍ፣ ለመሪው ብቻ ከተዘጋጀው የሰፋ ገዢ አለው። ከነባሩ የሚያንስ ምርጫ የያዘ መጽሐፍ ደግሞ ፈላጊ አያገኝም። ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ በስግብግብነት ማሳበብ አይገባም፤ ሒሳቡ ራሱ ወደ ላይ ይገፋል። አሥር ምርጫዎች ሁለት ሁለት ሆነው በ45 መንገድ ይጣመራሉ፤ ሃያ ሲሆኑ ጥምረቶቹ 190 ይደርሳሉ። ደራሲዎቹ እያንዳንዱን አዲስ ምርጫ ለብቻው አስተካክለው ቢመዝኑት እንኳ፣ ከቀደሙት ሁሉ ጋር ሲገጣጠም የሚሆነውን አንድ በአንድ ሊፈትሹ አይችሉም። ተጫዋቾች ግን ይፈትሹታል፤ ያገኙትንም ወዲያው ለሌላው ያካፍላሉ።

በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ይህን ለመግታት ታስቦበት የተሠራ ነበር። የገጸ ባሕርይው የብቃት ጭማሪ ከመጀመሪያው እስከ 20ኛው ደረጃ ድረስ ከ2 ወደ 6 ብቻ ያድጋል፤ የተፈጥሮ ችሎታዎችም በመደበኛው ሕግ ከ20 አያልፉም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጨማሪ መጻሕፍትም በዝግታ ነበር የሚወጡት። ቢሆንም ጉልበቱ በሌላ በር ገባ።

ሁለት ካህናትን ማነጻጸር ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ሁለቱም አምስተኛ ደረጃ ላይ ናቸው እንበል። አንደኛው ከ2014ቱ መጽሐፍ የተወሰደው የሕይወት ካህን ነው፤ በልዩ ጸጋው አንድ ጊዜ ሲጠቀም በጠቅላላው 25 የሕይወት ነጥብ ለቆሰሉ ጓዶቹ ያከፋፍላል። ሁለተኛው በ2020 ታሻስ ኮልድረን ኦቭ ኤቭሪቲንግ በተባለው መጽሐፍ የመጣው የምሽት ድንግዝግዝ ካህን ነው። የእሱ ጸጋ ለአንድ ደቂቃ፣ ማለትም ለአሥር የውጊያ ዙር ይቆያል፤ በአቅራቢያው ያለ እያንዳንዱ ጓድ ተራውን ሲጨርስ የአንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ውጤት ሲደመር 5 ጊዜያዊ ነጥብ ያገኛል፣ በአማካይ 8.5 መሆኑ ነው። ነጥቡ አይጠራቀምም፤ የተመታው ብቻ ይተካል። እንዲያም ሆኖ አራት ሰዎች በየዙሩ እየተመቱ ቢዋጉ፣ ጸጋው በአንድ ዙር እስከ 34 ያህል ጉዳት ሊመክት ይችላል። ነባሩ ካህን በአንድ ጊዜ አሟጦ የሚሰጠውን፣ አዲሱ በአንድ ዙር በልጦት ዘጠኝ ዙር ይተርፈዋል።

ሄክስብሌድ የተባለው የ2017 ምርጫ ደግሞ የጥምረትን ጉዳይ ያሳያል። ዋርሎክ የሚባለው አስማተኛ ሰይፉን በጡንቻው ፈንታ በግርማ ሞገሱ እንዲመዝዝ ይፈቅዳል፤ ጥሩርና ጋሻም ይጨምርለታል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ደረጃ ስለሚገኝ፣ ድግምቱን በግርማ ሞገስ የሚሠራ ፓላዲን አንድ ደረጃ ብቻ ተውሶ ሁለት ችሎታ ለየብቻ ከማሳደግ ይገላገላል።

ጉዳቱ የት እንደሚያርፍ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነገራል። ጀብደኞቹ በርትተው ጠላት አልቻላቸው ካለ፣ መሪው የጭራቆቹን ቁጥር ጨምሮ ሚዛኑን ይመልሳል። ሊመልሰው የማይችለው በተጫዋቾቹ መካከል የተፈጠረውን ልዩነት ነው። የሕይወት ካህን ይዞ ለወራት የተጫወተ ሰው፣ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው በአንድ እርምጃ የእሱን ድርሻ ሲሸፍነው ያያል። ጠላቶቹ ደግሞ ለብርቱው ተብለው ሲጠነክሩ፣ ደካማው በእጥፍ ይጎዳል። የሚና ጨዋታ የሚያምረው እያንዳንዱ ሰው ተራው ሲደርስ ለቡድኑ የሚያስፈልግ ነገር ማድረግ ሲችል ነው፤ ንረቱ የሚነጥቀውም ይህንኑ ነው።

አዲስ ምርጫ ሁሉ ግን ንረት አይደለም። የ2014ቱ አዳኝ ከእንስሳ ጓደኛው ጋር ሲዋጋ፣ እንስሳው እንዲያጠቃ ለማዘዝ ብዙ ጊዜ የራሱን ተራ ይሠዋ ነበር፤ በ2020 የቀረበው አማራጭ እንስሳ ይህን አቃለለ። ወደ ኋላ የቀረውን ከሌሎቹ እኩል ማድረስ ጣሪያውን ከፍ ከማድረግ የተለየ ሥራ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

መከላከያዎቹ የተለያዩ ናቸው። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይፋዊ የማኅበር ጨዋታ ለዓመታት ይሠራበት የነበረው ሕግ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ከዋናው መጽሐፍ ሌላ ከአንድ ተጨማሪ መጽሐፍ ብቻ እንዲመርጥ ይፈቅድ ነበር፤ ጥምረቶቹን በእጅጉ የሚቀንስ ቀላል ዘዴ ነው። ፓዝፋይንደር የተባለው ሌላ የሚና ጨዋታ በ2019 ያወጣው ሁለተኛ እትም ደግሞ ምርጫዎቹን የተለመደ፣ ያልተለመደና ብርቅ ብሎ በመመደብ፣ ከተለመደው ውጭ ያለው በመሪው ፈቃድ ወይም በተለየ መንገድ ብቻ እንዲገኝ አደረገ። ሦስተኛው መንገድ ዋናውን መጽሐፍ እንደገና መጻፍ ነው። በ2024 የታደሰው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተጫዋቾች መጽሐፍ ነባሮቹን ሙያዎች አጠናክሯል፤ የምሽት ድንግዝግዝ ካህን በውስጡ የለም። ነገር ግን የቆዩት መጻሕፍት ከአዲሱ ጋር አብረው እንዲሠሩ ስለተፈቀደ፣ ያንን ካህን ወደ ጠረጴዛው ማስገባት አለማስገባቱን የሚወስኑት አሁንም መሪውና ተጫዋቾቹ ናቸው።