ውሻ ወደ ቤታችሁ ከመግባቱ በፊት

ልጆቻችሁ “ውሻ ይገዛልን” እያሉ ሲለምኑ ከርመው ይሆናል። ወይም የጎረቤት ውሻ ወልዳ “አንዱን ቡችላ ውሰዱ” ተብላችኋል። አዲስ በገባችሁበት ሰፈር ሌሊት አጥር የሚዘል ሌባ አስቸግሮም ይሆናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ አብዛኛው ቤተሰብ ውሻ የሚያስገባው በአንድ ቀን ውሳኔ ነው። ከውሻው ጋር የሚኖረው ግን ከ10 እስከ 13 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ዛሬ 6 ዓመት የሆነው ልጃችሁ ትምህርቱን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ያ ቡችላ አርጅቶ በረንዳ ላይ ተኝቶ ይሸኘዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ውሻ አሳድጋችሁ የማታውቁ ባለትዳሮች ምን እንደሚጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ብታውቁ ለእናንተም፣ ለልጆቻችሁም፣ ለእንስሳውም ይበጃል።

በመጀመሪያ ሁለታችሁ ተስማሙ

ውሻ በአንዱ ፍላጎት ገብቶ በሌላው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል። ወንድሞች፣ ቡችላውን በካርቶን ይዛችሁ የመጣችሁት እናንተ ብትሆኑም ጠዋት ከሥሩ የሚጠርገው፣ ምግቡን የሚያበስለው፣ ሲታመም የሚጨነቀው ማን ነው? “ልጆቹ ይንከባከቡታል” የሚለውን ብዙ አትመኑ። ልጆች ይረዳሉ እንጂ ኃላፊነቱን ሊሸከሙ አይችሉም። የቤት ሠራተኛ ካለቻችሁ እርሷንም ጠይቋት። ቀኑን ሙሉ ከውሻው ጋር የምትውለው እርሷ ናት፤ የምትፈራ ከሆነ ደግሞ ኑሮዋ ጭንቅ ይሆንባታል።

ወጪውንም ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ምግብ፣ ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ ድንገተኛ ሕክምና፣ ለበዓል ወደ አገር ቤት ስትሄዱ የሚጠብቀው ሰው፣ ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል። የምትኖሩት በኮንዶሚኒየም ከሆነ ደረጃውና ግቢው የጋራ መሆኑን፣ የሌሊት ጩኸቱም የጎረቤትን እንቅልፍ እንደሚነሳ አትርሱ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ባይለይ ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያለቅሳል። እናቱንና ወንድሞቹን ስላጣ እንጂ ጥጋበኛ ሆኖ አይደለምና አትምቱት። ብርድ የማያገኘው ማደሪያ አዘጋጁለት፤ ለጥቂት ቀናት ድምፃችሁን በሚሰማበት ቦታ ይደር።

ሽንቱን መቆጣጠር ገና አይችልም። ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ከበላ በኋላ፣ ተጫውቶ ሲጨርስ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ አውጡት፤ እዚያ ሲሸና ወዲያውኑ አመስግኑት። አፍንጫውን በሽንቱ ላይ ማሸት የሚያስተምረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ጥርሱን ስለሚቀይር ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ጫማችሁን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የሚያኝከውም ነገር ስጡት።

በአገራችን ብዙዎች ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ከቡችላነቱ ጀምረው ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ያስሩታል። ነገር ግን ቡችላ ዓለምን የሚለማመድበት ዋናው ጊዜ ከ3 እስከ 14 ሳምንት ገደማ ያለው ነው። በዚህ ወቅት ሰው፣ ልጅ፣ ጃንጥላ፣ የመኪና ድምፅ ያልለመደ ውሻ ሲያድግ ፈሪ ይሆናል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ወዳጅና ሌባ ሳይለይ ይናከሳል። የተገራ ውሻ ግን ከቤተሰቡ ጋር እየኖረ እንግዳ ኮቴ ሲሰማ ይጮኻል። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌም (12፥10) ለእንስሳ መራራትን የጻድቅ ሰው ጠባይ አድርጎ ይቆጥረዋል።

የምትመግቡትን እወቁ

ትርፍራፊ መስጠት የተለመደ ነው፤ የወጥ ትርፍራፊ ግን ለውሻ አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያጠፋሉ፤ ቢበስሉም ጉዳታቸው አይቀርም። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም አትስጡት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሩዝ ከሥጋ ጋር ልትሰጡት ትችላላችሁ። ለሚያድግ ቡችላ የሚበቃው ምን እንደሆነ ግን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ንጹሕ ውኃ ከአጠገቡ አይጥፋ።

በበዓል ዕርድ ጊዜ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ። በበግ ወይም በበሬ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ስታዩ “ለውሻው ይሁን” ብላችሁ አትጣሉለት። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ተውሳክ በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። እንቁላሉ በእጅ ወይም ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ሆድ ከገባ፣ ከዓመታት በኋላ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ይፈጥራል፤ አንዳንዱም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። እንዲህ ያለውን ሥጋ አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት።

ክትባት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም

ብዙ ቡችላዎች ገና ሲወለዱ ትል አለባቸው፤ ትሉም ወደ ልጆች ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን እስከ 2 ወር ዕድሜው በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያም እስከ 6 ወር በየወሩ መስጠት የተለመደ ነው። ቡችላን ቶሎ ከሚገድለው ፓርቮ ከተባለው የተቅማጥ በሽታ የሚከላከለው ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ተጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይደጋገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ገደማ ይሰጣል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐኪሙ ይነግራችኋል። የክትባት ካርዱን ከልጆቻችሁ ካርድ ጋር አስቀምጡት።

በዓለም ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በውሻ አማካይነት ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጠቁትም ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይጀምር ከተደረሰበት ግን መዳን ይቻላል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን በክትባት ያዳነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ነበር።

ውሻ ከነከሰ

የእናንተም ይሁን የሌላ ሰው ውሻ ልጃችሁን ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ቡና፣ በርበሬ ወይም ቅጠል አታድርጉበት። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። የታዘዘው ክትባት በተወሰኑ ቀናት ተደጋግሞ የሚሰጥ ነውና አንዱንም አታቋርጡ። “ቁስሉ ትንሽ ነው” ብላችሁ አትዘናጉ። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ቆይቶ ስለሚመጣ ቁስሉ መዳኑ ዋስትና አይሆንም።

ወገኖቼ፣ መጸለይ መልካም ነው፤ ጸሎቱ ግን ወደ ጤና ጣቢያው እየሄዳችሁ ይሁን።

ውሻውን ገድላችሁ አትጣሉት። ማምለጥ በማይችልበት ቦታ ይዘጋና ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ 10 ቀን ይጠበቃል። በጤና ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የሰውየው ሕክምና ግን እነዚህን ቀናት አይጠብቅም።

ልጆች፣ እንግዶችና ውሻው

ትንሽ ልጅን ከውሻ ጋር፣ የዋህ ነው ከተባለው ጋር እንኳ፣ ብቻውን አትተዉ። ልጆች ውሻ ሲበላ፣ ሲተኛና ቡችላ ሲያጠባ እንዳይነኩት፣ ጭራውን እንዳይጎትቱ፣ ሲያባርራቸውም ከመሮጥ ይልቅ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አስተምሯቸው።

ማክሰኞ ማታ የቤት ኅብረት በእናንተ ቤት ከሆነ፣ ውሻው እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ይዘጋ። “አይናከስም፣ ግቡ” ማለት በውሻ ተነክሳ ለምታውቅ እኅት መጽናኛ አይሆንም። በር ላይ ቆማ ከምትፈራ ቤቷ ብትቀር ትመርጣለች።

ስለ መውለድም አስቡ

ሴት ውሻ ከ6 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ የእርግዝናዋ ጊዜ 63 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ ስድስት ወይም ሰባት ቡችላ ይዛችሁ ሰው ማፈላለግ ይመጣል። በየመንገዱ የምናያቸው ባለቤት የሌላቸው ውሾች ብዙዎቹ የተጣሉ ቡችላዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ማርባት ካላሰባችሁ ስለ ማምከን ሐኪሙን አማክሩ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጆች ሲተኙ ሁለታችሁ ቁጭ በሉና እነዚህን ጥያቄዎች ተጠያየቁ። ጠዋት ጠዋት ማን ይመግበዋል? በየወሩ ምን ያህል እንመድባለን? የትኛው የእንስሳት ክሊኒክ እንወስደዋለን? ሲያረጅና ዓይኑ ሲደክምስ ጥለን አንሄድም? መልሳችሁ አንድ ከሆነ በደስታ አምጡት። ገና ካልተስማማችሁ ለጎረቤታችሁ “ለጊዜው አንችልም” በሉ። ከስድስት ወር በኋላ ገበያ ዳር ከሚጣል ቡችላ ዛሬ ያልተወሰደ ቡችላ ይሻላል።